ካሜራው አልሞተም

በቦኖሻ ዋናው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የአንድ ሰርግ ፎቶዎች ተከፍተዋል። ቤት ውስጥ የተነሱት ያምራሉ። ሙሽሪት ስትኳኳል፣ እናቷ ሲመርቋት፣ ሚዜዎቹ ሲሳሳቁ፣ ሁሉም በልኩ ነው። ሰርገኛው ደጅ ከወጣ በኋላ ያሉት ግን ተቃጥለዋል። ቬሎው ከሰማዩ ጋር አንድ ወጥ ነጭ ሆኗል፤ ከሙሽራው ፊት ላይ ከዓይኑና ከቅንድቡ በቀር የተረፈ ነገር የለም። ወጣቱ ፎቶ አንሺ አንዱን ከአንዱ እያለፈ ያሳያል። ቤተሰቡ አልበሙን ሊረከብ የሚመጣበት ቀን ደርሷል።

«ካሜራው ሞተ መሰለኝ ጋሼ» አለ፣ አጠገቡ ወደተቀመጡት ሰው ዞሮ።

ጋሼ የሚላቸው ሰው ከፊልም ዘመን ጀምሮ ሆሳዕና ውስጥ በፎቶ ሥራ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። ካሜራውን ተቀብለው ወደ ደጅ ወጡና ጥላ ያረፈበትን የጎን ግድግዳ መርጠው ቆሙ። አይኤስኦውን 100 ላይ አደረጉ። ካሜራውን እሳቸው አፐርቸሩን እየመረጡ እሱ ፍጥነቱን እንዲያሰላ በሚያደርገው ሞድ ላይ አኖሩትና ያንኑ ግድግዳ ደጋግመው አነሱት። በኤፍ 1.8፣ በኤፍ 2.8፣ በኤፍ 4፣ በኤፍ 5.6፣ በኤፍ 8፣ በኤፍ 11። ከዚያ ስክሪኑን ለወጣቱ አዞሩለት። የመጀመሪያው ፎቶ ደህና ነው። ቀጣዩ ትንሽ ይነጣል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ንጣቱ እየባሰ ሄዶ የመጨረሻው ላይ ግድግዳው ጠፋ።

«ካሜራህ ጤነኛ ነው ልጄ» አሉት። «የታመመው ሌንሱ ነው።»

የዚህን ፍርድ ምክንያት መረዳት ለማንኛውም ካሜራ ለያዘ ሰው ይጠቅማል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በቦኖሻ ከካሜራ ጋር እንጀራቸውን የሚበሉ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ የሚሠሩበት ዕቃ ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ ነው፤ መመሪያ መጽሐፉ የለም፣ ዋስትናም የለውም። ፎቶ ሲቃጠል ወይም ሲጨልም አንዳንዱ ካሜራውን በርካሽ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ፈትቶ የባሰ ያበላሸዋል። እኔ እስከማየው ድረስ፣ ተበላሸ ከሚባለው ካሜራ አብዛኛው አልተበላሸም። ወይ የብርሃን ሁኔታው አሳስቶታል፣ ወይ ባለቤቱ ሳያውቅ ያልሆነ ትእዛዝ ሰጥቶታል። በእርግጥ የተሰበረ ነገር ሲኖርም የተሰበረው የቱ እንደሆነ በአንድ ግድግዳ ፊት መለየት ይቻላል።

የፎቶ ብርሃን የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው። አፐርቸር በሌንሱ ውስጥ ያሉት ስስ ቅጠሎች የሚተዉት ቀዳዳ ስፋት ነው። የሻተር ፍጥነት ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ነው። አይኤስኦ ደግሞ ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያየው ይወስናል። ሦስቱም የሚለኩት በእጥፍ ነው። ከ1/125 ሰከንድ ወደ 1/250 መሄድ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል፤ ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 11 መሄድም እንዲሁ፤ ከአይኤስኦ 200 ወደ 100 መመለስም እንዲሁ። ፎቶ አንሺዎች ይህን እያንዳንዱን እርከን «ስቶፕ» ይሉታል። ከኤፍ 1.8 እስከ ኤፍ 8 ያለው ልዩነት አራት ስቶፕ ያልፋል፤ በብርሃን መጠን ሲሰላ 20 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

አሁን ወደ ቦኖሻው ሌንስ እንመለስ። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር፣ በመስታወት የሚሠሩት ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ብርሃን የሚለኩት ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ መሆኑን ነው። ኤፍ 8 ብለን ብንመርጥም በመመልከቻው ስናይ ቅጠሎቹ ገና አልተዘጉም። ካሜራው በተከፈተ ሌንስ ይለካል፣ ኤፍ 8 ላይ የሚገባውን ብርሃን በስሌት ያገኛል፣ ከዚያ ቁልፉን ስንጫን በዚያች ቅጽበት ቅጠሎቹን ይዘጋል። ቅጠሎቹ ካልተዘጉ ወይም ዘግይተው ከተዘጉ ካሜራው አያውቅም። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ፎቶው 20 እጥፍ ብርሃን ይጠጣል። ቤት ውስጥ ወጣቱ ሌንሱን ሙሉ በሙሉ በሚከፍተው በኤፍ 1.8 ስለሚያነሳ ቅጠሎቹ መንቀሳቀስ አላስፈለጋቸውም፤ ስለዚህ ሁሉም አማረ። ደጅ ሲወጣ ወደ ኤፍ 8 አዞረውና ሰርጉ ተቃጠለ።

ባለሙያው ሌንሱን ፈትተው ከጀርባው ያለችውን ትንሽ የብረት ዘንግ በጣታቸው ገፋ አድርገው ለቀቋት። ጤነኛ ቢሆን ቅጠሎቹ ዓይን ሳይከተላቸው ይመለሱ ነበር። እነዚህ ግን እየተጎተቱ ነው የተመለሱት፤ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ቅጠሎቹ ላይ የዘይት ወዝ ታየ። ከዕድሜና ከሙቀት የተነሳ በሌንሱ ውስጥ ያለው ቅባት ወደ ቅጠሎቹ ይደርሳል፣ ያጣብቃቸዋልም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የሚተው ሌንስ ለዚህ ቅርብ ነው። የሚድን በሽታ ነው፤ ግን ሌንሱን እስከ ሆዱ ፈትቶ ማጽዳት ስለሚጠይቅ ባለሙያ እጅ ላይ መግባት አለበት። በምንም መንገድ ከፊት በኩል ቤንዚን ወይም አልኮል እንዳይነካው። ፈሳሹ ዘይቱን ይዞ ወደ መስታወቶቹ ይሰራጫል።

ሁሉም ካሜራ በዚህ መንገድ አይታመምም። በኒኮን ነባር ሌንሶች ቅጠሎቹን የሚያንቀሳቅሰው በካሜራውና በሌንሱ መካከል ያለ የብረት ዘንግ ነው። ሌንስ በግድ ሲገጠም ዘንጉ ትንሽ ከተጣመመ የፎቶው ብርሃን ይሳሳታል። የአፐርቸር ቀለበት ያላቸው አሮጌ የኒኮን ሌንሶች ደግሞ ቀለበታቸው በትልቁ ቁጥር ላይ ካልተቆለፈ ብዙዎቹ ካሜራዎች «ኤፍኢኢ» የሚል ጽሑፍ አሳይተው አላነሳም ይላሉ። ይህን አይቶ «ተበላሸ» ማለት ያሳዝናል፤ ቀለበቱን ማዞር ብቻ ነው የሚፈልገው። ካነን በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኢኦኤስ ሥርዓት ዘንጉን ትቶ ቅጠሎቹን በኤሌክትሪክ ማንቀሳቀስ ጀመረ። ስለዚህ የካነን ሌንስ ሲታመም ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ አያቃጥልም፤ ቁልፉ ሲጫን «ኢረር 01» ይላል። መጀመሪያ በሌንሱና በካሜራው ላይ ያሉትን የወርቅ መልክ ያላቸውን ነጥቦች በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ማበስ ነው። ከዚያ በኋላም በኤፍ 3.5 እያነሳ በኤፍ 8 ግን ኢረር የሚል ከሆነ፣ በሌንሱ ውስጥ ወደ ቅጠሎቹ የሚሄደው ስስ ሽቦ መሰል ፕላስቲክ ተቆርጧል ማለት ነው። ዙም ሲደረግ ሺህ ጊዜ የሚታጠፍ ነገር ስለሆነ መቆረጡ አይደንቅም። ይቀየራል።

የግድግዳው ፈተና ለሻተሩም ይሠራል። አሁን ፍጥነቱን እኛ እየመረጥን አፐርቸሩን ለካሜራው እንተዋለን፤ ከ1/60 ጀምረን የብርሃኑ መጠን እስከፈቀደ ድረስ ወደ 1/2000 እንወጣለን። ሁሉም ፎቶ እኩል ብርሃን ሊኖረው ይገባል። በዝግታው ደህና ሆኖ በፍጥነቱ ከፎቶው በአንድ ወገን ጥቁር ጥላ ከታየ፣ ያለ ፍላሽም ከሆነ፣ የሻተሩ መጋረጃዎች እኩል መሮጥ አቅቷቸዋል። ሻተር ያልቃል። ለብዙ መካከለኛ ደረጃ ካሜራዎች የሚጠበቀው ዕድሜ 100,000 ገደማ ፎቶ ነው፤ የሰርግ ካሜራ ደግሞ ይህን ቶሎ ይጨርሰዋል። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከመያዣው ማማር በፊት ይህን ፈተና ቢያደርግ ይሻለዋል። ሻጩ ካልፈቀደ አይግዛ።

ፍላሽ ሲገባበት ነገሩ ይለወጣል። ያው ጥቁር ጥላ በፍላሽ ብቻ የሚታይ ከሆነ ሻተሩ ጤነኛ ነው፤ ፍጥነቱ ነው የበዛው። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር የሚስማሙት እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ፍላሹ በሚበራበት ቅጽበት መጋረጃው የሴንሰሩን ከፊል ሸፍኖ ይገኛል።

ሌላው በቤተ ክርስቲያን አዳራሾች ውስጥ የሚያደናግረው የአምፖሉ ነገር ነው። በተከታታይ ከተነሱት ፎቶዎች አንዱ ብሩህ፣ አንዱ ጨለማ፣ አንዱ ቢጫ ይሆናል፤ ማንም ምንም ሳይነካ። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ 100 ጊዜ ይደክማሉ። ዓይናችን አያየውም፤ በ1/500 ሰከንድ የሚያነሳ ካሜራ ግን አንዴ ድምቀቱ ላይ፣ አንዴ ድካሙ ላይ ይገጥማል። ፍጥነቱን ወደ 1/100 ወይም 1/50 ማውረድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሙዚቀኛው እየዘለለ ከሆነ ግን ይደበዝዛልና ፍላሽ ማብራት ይሻላል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዕቃው ነው። የሚበዛው ችግር ግን ዕቃው ላይ አይደለም።

ካሜራ የሚያነሳው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። የብርሃን መለኪያው የተሠራው ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት ነው፤ የፎቶ ባለሙያዎች ለዚህ መካከለኛ ግራጫ የሚጠቀሙበት ካርድ 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ነው። ነጭ ነገር ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ጥቁር ነገር ሲሞላው «ብርሃን አነሰ» ብሎ ያነጣዋል። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ቀን ይህ በግልጽ ይታያል። ጥቁር ጋውን የለበሱ ተመራቂዎች ተደርድረው ሲነሱ ጋውኑ ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸው ይነጣል። ከጎናቸው ነጭ ነጠላና ቀሚስ የለበሱ እናቶች ብቻቸውን ሲነሱ ደግሞ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ፊታቸው ይጨልማል። ሁለቱም የካሜራው ብልሽት አይደሉም። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ለነጩ ወደ መደመር አንድ እርከን፣ ለጥቁሩ ወደ መቀነስ አንድ እርከን ማድረግ ነው።

የጭጋጉም ነገር ያው ነው። ከዱራሜ አጠገብ የአምበሪቾን 777 ደረጃዎች ወጥቶ ተራራው በጉም ሲሸፈን የሚያነሳ ሰው፣ ጉሙ የቆሸሸ ግራጫ ሆኖበት ያዝናል። ወደ መደመር ያድርገው። ከቦኖሻ ብዙም በማይርቀው በቦዮ ሐይቅ ዳር ግን ተቃራኒው ይገጥማል። በጠቆረ ውኃና በቄጠማ መካከል የቆመች አንዲት ነጭ ወፍ ከፍሬሙ የምትይዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ ካሜራው ጥቁሩን ለማንጣት ሲል ወፏን ላባ የሌላት ነጭ ነጥብ ያደርጋታል። እዚህ የሚያስፈልገው መቀነስ ነው። ነጭ ባየ ቁጥር መደመር ብሎ የሸመደደ ሰው እዚህ ይወድቃል፤ ጥያቄው ነጩ ፍሬሙን ምን ያህል ሞላው የሚለው ነው።

ስለ መልካችን ደግሞ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያዊ ፊት ከመካከለኛው ግራጫ በጣም ጠይሞ እስከ በጣም ቀልቶ ይደርሳል፤ በአንድ የቤተሰብ ፎቶ ውስጥ ሁሉም ይገኛል። የፎቶ ቴክኖሎጂ ግን ለረጅም ዘመን የተሠራው ይህን ፊት አስቦ አልነበረም። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው በነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» እየተባለ ለአሥርተ ዓመታት ኖረ። የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ጉግል በስልክ ካሜራው ላይ የጠቆረ መልክን በልኩ የማሳየት ሥራውን «ሪል ቶን» ብሎ ያወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። የፊታችንን ብርሃን ለማሽን አስረክበን መተው እንደማይገባን ለማሳየት ነው።

ጠይም ፊት ከነጭ ቬሎ አጠገብ ሲቆም ካሜራው ቬሎውን አይቶ ፊቱን ያጨልማል። በመስኮት ወይም በበር ፊት ለፊት ሲቆም ደግሞ የደጁን ብርሃን አይቶ ፊቱን ጥላ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ነጥብ የሚለካውን ሞድ፣ «ስፖት» የሚባለውን፣ መርጦ ፊቱን ራሱን መለካት ነው። አሜሪካውያኑ አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1940 እ.ኤ.አ. ገደማ ባሰናዱት የብርሃን አከፋፈል ዘዴ ዋናው ትምህርት ይህ ነበር፤ መለኪያው የሚነግርህን ስማ፣ ግን ያ ነገር ምን ያህል ብሩህ ሆኖ መታየት እንዳለበት የምትወስነው አንተ ነህ። መካከለኛ ጠይም ፊት መለኪያው በሚለው ላይ ይቀመጣል። በጣም የጠቆረ ፊት ግማሽ ወይም አንድ እርከን ይቀነስለታል፤ ካልተቀነሰለት ይነጣል፣ የሰውየው መልክም የሱ መሆኑ ይቀራል። ቀላ ያለ ፊት ይጨመርለታል። ነጩ ቬሎ እንዳይቃጠል በሮው ፋይል ማንሳትም ይረዳል፤ ከጄፔግ ይልቅ በብሩሁም በጨለማውም በኩል የሚመለስ መረጃ ይይዛል።

የሰማዩንም ነገር ልጨምር። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ከምድር ወገብም ሰባት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ያለች ከተማ ናት። በቀትር ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች፤ አየሩም ስስ ስለሆነ ጥላው ይጠቁራል። ሰርገኛው ስድስት ሰዓት ላይ ሜዳ ላይ ከቆመ የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ጥቁር ይሆናል፣ ግንባር ሁሉ ይነጣል፤ የትኛውም ቁልፍ ይህን አያስተካክለውም። ወደ ባሕር ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ቤት ጥግ ማስጠጋት ነው መፍትሔው። ይህ ምክር ሌንሱ የታመመበትን የቦኖሻውንም ወጣት ያድናል። በሙሉ ፀሐይ በአይኤስኦ 100 በኤፍ 1.8 ለማንሳት 1/8000 ሰከንድ ገደማ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ መለስተኛ ካሜራዎች 1/4000 ላይ ይቆማሉ። በጥላ ግን 1/1000 ያህል ይበቃል። ስለዚህ ባለሙያው ሌንሱ እስኪጠገን በኤፍ 1.8 ብቻ፣ በጥላ ብቻ እንዲያነሳ ነግረውት ሄዱ።

በአመዛኙ የሚረሱ ሌሎች ነገሮች አሉ። ማታ በአይኤስኦ 3200 አንስቶ ሳይመልሰው ጠዋት ፀሐይ ላይ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። የመደመርና የመቀነሱ ማስተካከያ በብዙ ካሜራዎች ላይ ሲጠፋና ሲበራ አይመለስም፤ ለትናንት ነጠላ የተደመረው የዛሬውን ፎቶ ያቃጥላል። በትሪፖድ ላይ አቁሞ ራሱም ከቤተሰቡ ጋር ለመነሳት የሚሮጥ ሰው ደግሞ የመመልከቻውን ቀዳዳ ክፍት ትቶ ይሄዳል። በዲኤስኤልአር ፀሐይ ከኋላ በዚያ ገብታ መለኪያውን ታሳስተዋለች፤ ፎቶው ይጨልማል። በእጅ መዳፍ ወይም በጨርቅ መሸፈን ይበቃል፤ የካነን ማንጠልጠያ ላይ የምትታየው ትንሽ ጥቁር ጎማ የተሠራችውም ለዚሁ ነው። እንዲሁም ፀሐይ ላይ ቆሞ በስክሪኑ ብርሃን ፎቶን መዳኘት ያታልላል። ሂስቶግራም የሚባለውን ግራፍ መክፈት ነው፤ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተደፍቶ ከተቆረጠ ተቃጥሏል፣ ወደ ግራ ከተቆረጠ ጨልሟል።

የእሳት ሌሊት ለብቻው ነው። በመስከረም ሐድያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብሩ እሳት ይነዳል፣ ሰዉ ዙሪያውን ይዘፍናል። አውቶ ላይ ያለ ካሜራ ነበልባሉ ፍሬም ውስጥ ሲገባ ሰዉን ያጠቁራል፣ ሲወጣ ጨለማውን ያነጣል። እዚህ ካሜራውን ከነጭራሹ ዝም ማሰኘት ያስፈልጋል። ወደ ኤም ሞድ ገብቶ ለእሳቱ ቅርብ በሆነ ፊት ላይ አንዴ ማስተካከል፣ ከዚያ አለመንካት። መነሻው ኤፍ 2.8፣ 1/125፣ አይኤስኦ 1600 ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ ሲወርድ አይኤስኦው ይወጣል። ፍላሹ ይጥፋ። ፍላሽ የእሳቱን ቀለም ከፊት ላይ ይገፈዋል፣ የሌሊቱንም ነገር ይወስደዋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ከቦኖሻ የተበላሸ ሌንስ የሚጠገነው ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ተልኮ ነው። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ሌንሱ እስኪመለስ ሰርጎች ያልፋሉ። ከተማዋ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ሥራውም፣ ስብሰባውም፣ ካሜራውም በዝቷል። የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ስልክ እንደሚጠግኑ ወጣቶች ሁሉ ሌንስ የሚያጸዱና ሻተር የሚቀይሩ ወጣቶችን ማፍራት ይችላሉ። የሚያስፈልገው ንጹሕ ጠረጴዛ፣ ጥሩ ትንንሽ መፍቻዎች፣ አቧራ የማይገባበት ክፍልና የሚያስተምር ሰው ነው። የከተሞቹ ፎቶ ቤቶች ተባብረው ቢጠይቁ የሚገኝ ነገር ነው።

እስከዚያው ካሜራ ያላችሁ ሁሉ፣ ከሰርጉ፣ ከምረቃው ወይም ከበዓሉ አንድ ቀን ቀድማችሁ ጥላ ያለበት ግድግዳ ፊት ቁሙ። አፐርቸሩን ከታች እስከ ላይ፣ ፍጥነቱን ከዝግታ እስከ ፍጥነት አዙራችሁ አንሱ። ፎቶዎቹ እኩል ከሆኑ ዕቃችሁ ጤነኛ ነው። እኩል ካልሆኑ ሌንሱን ቀይራችሁ ድገሙት፤ ችግሩ ሌንሱን ከተከተለ ሌንሱ ነው፣ ከካሜራው ጋር ከቀረ ካሜራው ነው። ለጠጋኙም ያንኑ ንገሩት።